ዳቦ አቁማም አልተሻላትም፦ የአንዲት የሴሊያክ ታማሚ ጉዳይ ከባሕር ዳር

ለምን ጻፍኩት

ባሕር ዳር የምሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ሴሊያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ምን ይብላ ተብዬ ስጠየቅ መልሴ አጭር ነበር። ስንዴና ገብስ ይተው፣ ጤፍ ይብላ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እኛ ደግሞ የጤፍ አገር ሰዎች ነን። ከዚህ በላይ ምን ቀላል ነገር አለ?

የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ ያንን ምክር እንደተሰጣት ተቀበለች። ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ቁራሽ ዳቦ አልቀመሰችም። ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። በኋላ እንደደረስንበት፣ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ጎደሎው ምክሬ ነበር። ጤፉ ንጹሕ ነው፤ ጤፉ ከጆንያ ወጥቶ እንጀራ እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ ግን ንጹሕ አልነበረም።

ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስም፣ ሰፈርና የሥራ ቦታ አልጠቅስም።

ሁለት ዓመት የፈጀ ፍለጋ

ታማሚዋ 31 ዓመቷ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ባለቤቷ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ከአደት አካባቢ መጥተው አብረዋቸው የሚኖሩት እናቷ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሠሩትም እሳቸው ናቸው።

ሕመሙ የባሰው በ2012 ዓ.ም. ልጇን ከወለደች በኋላ ነው። ሆዷ ይነፋል። ያስቀምጣታል። አፏ ይቆስላል፣ ይድናል፣ ደግሞ ይቆስላል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፋ ያስተማረችባቸው ቀናት ነበሩ።

በየክሊኒኩ የተባለችው ብዙ ነው። አንዴ ጃርዲያ፣ አንዴ አሜባ፣ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ። የታዘዘላትን ትወስዳለች፣ ለሁለት ሳምንት ቀለል ይላታል፣ ከዚያ ይመለሳል። የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ 8.1 ነበር፤ ዝቅተኛ ነው። የአይረን እንክብል ለወራት ብትውጥም ንቅንቅ አላለም። ክብደቷ 43 ኪሎ ገባ። የቲቢም የኤችአይቪም ምርመራ ተደረገላት፤ ከሁለቱም ነጻ ናት። የሰፈር ወሬ ግን በምርመራ ውጤት አይቆምም።

ፍንጩ የመጣው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። በ2013 ፍልሰታ ሱባኤ ገባች። በጣና ዳር ካሉት ገዳማት በአንዱ ሁለት ሳምንት ቆየች። ጸበል ትጠመቃለች፤ ማታ የምትቀምሰው የተነከረ የሽምብራ ጥሬና ውኃ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ጸጥ አለ። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ወሰዳት። ጾሙ ሲፈታ ቤት ተመለሰች፤ እናቷ በደስታ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በላች። በሁለተኛው ቀን እንደገና አልጋ ላይ ዋለች።

እሷ የተሻላት በጸበሉ ነው ብላ ታምናለች፤ እኔ እምነቷን ልነካ አልፈልግም። ግን ይህን ታሪክ ለሐኪሟ ስትነግረው ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እዚያ እያለሽ ምን ትበዪ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

የሕክምና ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። ዊለም ዲከ የተባለ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ ታማሚ ልጆቹ ሲያገግሙ፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ተመልሰው ሲታመሙ አየ። በስንዴ ላይ የነበረው ጥርጣሬ የጸናው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ሴሊያክ ጠረጠረ። ይህ ሕመም አለርጂ አይደለም። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ የስንዴ ሊጥ ሲጎትቱት የሚለጠጠው በእሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ አዲስ ፎጣ ፀጉር ያለው ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በዚያ ፀጉር ነው። በሕመሙ ጊዜ ፀጉሩ ይመለጣል። አይረኑም ሌላውም ምግብ ሳይመጠጥ ያልፋል። እንክብሉ ያልሠራላት ለዚህ ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ ነገር መጣ። በዚያን ጊዜ ዳቦን በራሷ ፈቃድ አቁማ ነበር። ሐኪሙ ግን ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሁለት ቁራጭ ዳቦ መልሳ እንድትበላ ነገራት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ግሉተንን ለመዋጋት የሚያወጣውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ግሉተን ካልተበላ ምርመራው «የለብሽም» ሊል ይችላል። እሷ አለቀሰች። ግን በላች። የደም ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ፤ ውጤቱ ከጤናማው ጣሪያ አሥር እጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ከአንጀቷ የተወሰደው ናሙናም ያንኑ አረጋገጠ።

ዳቦው ከቤት ወጣ

ታኅሣሥ 2014 ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ጠላ ቆሙ። ጠላ ላይ እናቷ ደንገጥ አሉ። ብቅሉ ገብስ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ቢራም ያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ነገሩ ቆመ። በየወሩ ለጥቂት ቀናት አልጋ ላይ የሚጥላት ነገር አለ። በስድስተኛው ወር ምርመራው ተደገመ። ፀረ እንግዳ አካሉ ከአሥር እጥፍ ወደ ስድስት እጥፍ ብቻ ወርዷል። ሄሞግሎቢኗ 9.4 ነበር።

ያኔ ሁሉም ሰው ወደ አንድ መልስ ሄደ። ተደብቃ ትበላለች። አንድ የሕክምና ባለሙያ ፊት ለፊት ነገራት። ባለቤቷ በስልክ ጠየቃት። እኔም ጠየቅኳት፤ ቃሌን አለሳልሼ፣ ግን ያንኑ ጥያቄ ነው። ዝም ብላ አየችኝና «አንቺም?» አለችኝ። ይህ ቃል እስካሁን አብሮኝ አለ።

በማግሥቱ ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «የምትዪውን አምኜ ከዚያ እንጀምር» አልኳት። እውነተኛው ሥራ የተጀመረው በዚያ ቀን ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን

መጀመሪያ ደብተር ያዘች። የበላችውን ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳበሰለው፣ በምን ዕቃ፣ ዱቄቱ መቼ እንደተፈጨ ጭምር። እኔ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ዋልኩ።

ምስር ስንለቅም ዓይኔ ተገለጠ። እናቷ አንድ ኪሎ ምስር ሰፌድ ላይ አፈሰሱ። ትንሿ ልጅ ከጎናቸው ቁጭ ብላ ምስር ያልሆነውን ሁሉ በሲኒ ትሰበስባለች። ስንጨርስ ቆጠርን። 11 ፍሬ ስንዴ፣ 3 ፍሬ ገብስ። ገበሬው እርሻው ላይ እህል ያፈራርቃል፤ አውድማውም ጆንያውም አንድ ነው። ማንም ሰው ሆን ብሎ አልቀላቀለውም።

11 ፍሬ ስንዴ ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። አንድ ፍሬ ስንዴ 40 ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ግሉተኑ በግምት 4 ሚሊ ግራም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የታተመ የጣልያን ጥናት በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሲወሰድ የታማሚዎችን አንጀት እንደሚጎዳ አሳይቷል። አብዛኛው ታማሚ ያለ ጉዳት ሊሸከመው ይችላል የሚባለው በቀን ወደ 10 ሚሊ ግራም ነው። ሁለት ተኩል ፍሬ ስንዴ ማለት ነው። «ከግሉተን ነጻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ በዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ሊኖረው አይፈቀድም። ይህ ደግሞ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ አምስት ፍሬ ስንዴ ነው።

ይህን ስነግራቸው እናቷ ሲኒዋን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ምስሩ ግን ይለቀማል። ስንዴው በዓይን ይታያል። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ወንፊቱ የስንዴ ዱቄትም የጤፍ ዱቄትም ይነፋበታል፤ ቢታጠብም ከስፌቱ ውስጥ ዱቄት አይጠፋም። ምጣዱ እንጀራም ዳቦም ይጋገርበታል። ማሰሻው ጨርቅ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው። ጨርቁን ጥቁር ፌስታል ላይ አራገፍኩት። ከጎመን ዘሩ ጋር ነጭ ብናኝ ወረደ። እርሾው አልቆባቸው ከጎረቤት ተውሰዋል፤ ጎረቤትዋ ጤፉን ከገብስ ጋር ቀላቅላ ነው የምትጋግረው። «ይቦካል እኮ፣ ደግሞ እሳት ያየዋል» አሉ እናቷ። ተራ እርሾ ግሉተኑን አያጠፋውም። የምጣድ እሳትም አያጠፋውም።

ይህን ሁሉ ቀየርን። አዲስ ምጣድ ተገዛ፣ በጎመን ዘር ተሟሸ፣ ዳቦ እንዳይነካው ተለየ። አዲስ ወንፊት፣ አዲስ ማሰሻ። እርሾውን እናቷ ከባዶ አስነሡት። ነገሩ ግማሽ ያህል ተሻለ። ግን በየወሩ የሚመጣው ውድቀት ቀረ ማለት አልነበረም።

ከረጢቱ ሥር

ደብተሩን የፈታችው ራሷ ናት። የመምህር ዓይን ነው። የባሰባቸውን ቀናት በቀይ አሰመረች፤ ሁሉም ያረፉት ዱቄቱ ሊያልቅ ሲል ባሉት ቀናት ላይ ነው። አዲስ ዱቄት ሲከፈት ደህና ናት። ሦስት ሳምንት ደህና ናት። ከረጢቱ ሲገባደድ ትወድቃለች። በሦስት ከረጢት ሦስት ጊዜ።

እኔ ዱቄቱ እየቆየ ይበላሻል ወይ ብዬ አሰብኩ። እናቷ ደብተሩ ሲነበብላቸው ሳቅ አሉ። «መጀመሪያ ከወፍጮ የሚወርደው ዱቄት የት ነው የሚገባው? ከረጢቱ ሥር አይደለም እንዴ?»

ማክሰኞ ጠዋት አብረን ወፍጮ ቤት ሄድን። ሦስት ሰው ከፊታችን ነበር። አንዱ ለድግስ የሚሆን ስንዴ፣ አንዷ የበሶ ገብስ። የእኛ ተራ ሲደርስ ቀይ ጤፍ ነበር ያስፈጨነው። ባለወፍጮው ዱቄቱ የሚወርድበትን የጨርቅ እጅጌ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ጤፉን ለቀቀ። እናቷ መዳፋቸውን ከእጅጌው ሥር ዘረጉ። የመጀመሪያው እፍኝ ነጭ ነበር። ሁለተኛው ቡናማ ቀላቀለ። የቀይ ጤፍ መልክ የያዘው ከስድስት ሰባት እፍኝ በኋላ ነው።

«እይው ልጄ» አሉኝ መዳፋቸውን ወደ እኔ አዙረው። «ይሄ የእኔ ጤፍ አይደለም።»

ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። አንድ እፍኝ፣ ማለትም 50 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት ድንጋዩና እጅጌው ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ 4 ግራም ያህል ግሉተን አለው። ያ ከረጢቱ ሥር ባለው 5 ኪሎ ላይ ቢሰራጭ በኪሎ 800 ሚሊ ግራም ነው። ከመለኪያው 40 እጥፍ። በቀን 200 ግራም ዱቄት የሚበላ ሰው 160 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ጥናቱ ይጎዳል ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ። ዳቦ ሳይነካት ማለት ነው።

ጤፉ ራሱ ግን ንጹሕ ነበር። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በጠባብ ወንፊት ያልፋል፤ ስንዴና ገብስ ከላይ ይቀራሉ። እህሉን ማጽዳት እንደ ምስር አያደክምም። የተበላሸው ወፍጮው ላይ ነው።

ከባለወፍጮው ጋር የተደረገ ስምምነት

እኔ ስለ ግሉተን ማስረዳት ጀመርኩ። ባለወፍጮው ፊቱ ተለዋወጠ። «ወፍጮህ ቆሻሻ ነው እያላችሁኝ ነው?» አለ። ሌላ ሰው ወረፋ ላይ እየሰማ ነው። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

እናቷ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና እሳቸው ገቡበት። «ልጄ፣ ድንጋዩን ስትወቅር መጀመሪያ የሰው እህል ትጨምርበታለህ?»

«ኧረ እማማ፣ አሸዋ አለው እኮ። አንዳንድ ነገር አሳልፌበት ነው።»

«ምን ታሳልፋለህ?»

«ለከብት የሚሆን በቆሎ።»

«እንግዲያው ለእኔም እንደዚያ አድርግልኝ። በቆሎውን እኔ አመጣለሁ። ልጄን ሐኪም ስንዴ ከልክሏታል፤ ብናኙም ይጥላታል።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ፈታ አለ። ሥራውን በሚያውቀው ቋንቋ ነው የነገሩት። የተስማሙት እንዲህ ነው። ድንጋዩ በሚወቀርበት ቀን ጠዋት፣ ከማንም በፊት እሳቸው ይገባሉ። ወፍጮው በብሩሽ ይጠረጋል። እጅጌው በእሳቸው ጨርቅ ይቀየራል። 5 ኪሎ የተለቀመ በቆሎ ያልፋል፤ ዱቄቱ ለጎረቤት ዶሮዎች ይሄዳል። ከዚያ 50 ኪሎ ጤፍ በአንድ ጊዜ ይፈጫል፤ ለሁለት ወር ይበቃል። ለድካሙ ጨምረው ይከፍሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ደግሞ ለብቻ ተይዞ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በቆሎው ይበቃል ይሆናል፤ ግን የምንለካበት መሣሪያ ስለሌለን አብዝቶ መጠንቀቅ ይሻላል።

ለሽሮው ሌላ መላ መጣ። በዚያ ወፍጮ ቤት የሽሮና የበሶ ወፍጮ አንድ ነው። እናቷ ከአደት የእናታቸውን የድንጋይ ወፍጮና መጅ አስመጡ፣ ፊቱን አስወቀሩት፣ አጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አዋሉት። የቤቱ ሽሮ አሁን በእሱ ይፈጫል። ጉልበት ይጠይቃል። ልጅቷ ግን የመጁን ድምፅ ስትሰማ ሮጣ ትመጣለች።

መስከረም 2015 ላይ ከተጀመረው ከዚህ አሠራር በኋላ በቀይ የሚሰመር ቀን ጠፋ። አራት ወር። ከዚያ ጥር ላይ እንደገና ወደቀች፤ ሁለት ቀን አልጋ። ሲጣራ ባለወፍጮው በሌለበት ቀን ረዳቱ ነበር የፈጨው። ልጁ በቆሎው እንዳይባክን ብሎ ዘሎታል። ክፋት የለበትም፤ ማንም አላስረዳውም ነበር። ይህ ስህተት ለእኛ ማስረጃ ሆነን። ከዚያ ወዲህ እናቷ ወፍጮው ሥራ ሲጀምር ራሳቸው አጠገቡ ይቆማሉ።

መሶቡ

መጀመሪያ የመከርኩት የራሷ ሳሕን እንዲኖራት ነበር። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው። እኛ አገር ግን ሰው ለብቻው ሳሕን ሲይዝ ምን እንደሚባል ማሰብ ነበረብኝ። በማኅበር ላይ የራሷን ዕቃ ይዛ ስትመጣ «የሚተላለፍ በሽታ አለባት» ተባለ። ክብደቷ መቀነሱ ተጨመረበት። አንዲት ጎረቤት ልጇን ከልጅቷ ጋር እንዳትጫወት ከለከለች። ታማሚዋ ስለ ሆዷ ስትነግረኝ አልቅሳ አታውቅም። ስለዚህ ስትነግረኝ ግን አለቀሰች።

ስለዚህ ገለበጥነው። እሷን ከመሶቡ ከማራቅ ስንዴውን ከመሶቡ አራቅን። ቤት ውስጥ ሁሉም ንጹሕ ጤፍ ከአንድ መሶብ ይበላል። ባለቤቷ ዳቦ ካማረው ውጭ ይበላል፤ ሲመለስ እጁን ይታጠባል። ጉርሻ ተመለሰ። ልጅቷ እናቷን ታጎርሳለች።

ከቤት ውጭ ያለው ከባድ ነው። «ግሉተን» የሚለው ቃል ምንም አልሠራም። «አይስማማኝም» ስትል ደግሞ «ትንሽ ቅመሺ፣ ለበረከት» ይሏታል። የሠራው «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ነው፤ ያውም እናቷ በማኅበሩ ፊት ተነሥተው ሲናገሩት። የማኅበሩ ሴቶች አሁን ለእሷ በሎሚና በጨው የተቀቀለ ድንች ለብቻ ያስቀምጣሉ፣ ለቡና ፈንዲሻ ያፈነዳሉ። ጸበል ጻዲቁን በፌስታል ተቀብላ ለባለቤቷ ትወስዳለች። ቅዱስ ቁርባንን በሚመለከት ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራለች። የተነጋገሩት የእነሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ ባለሙያው በዚህ ላይ ፈራጅ አይሁን፣ ሕመሙን ግን ለካህኑ በግልጽ ለማስረዳት ይርዳት።

ያልሠራልን

ከውጭ የሚመጣ የታሸገ «ከግሉተን ነጻ» ብስኩት ለአንድ ወር ተገዛ። ዋጋው የመምህር ደመወዝ አይችለውም። ተተወ።

አጃ ሞከርን። አጃ ራሱ ብዙ ታማሚዎችን አይጎዳም፤ ግን በተለይ ካልተለየ በቀር ከገብስና ከስንዴ ጋር ይቀላቀላል። በሦስተኛው ቀን አሳመማት።

«ንጹሕ ጤፍ ነው» ተብሎ የሚሸጥ እንጀራም ገዛን። ሻጭዋ አልዋሸችም ይሆናል። የእሷ ጤፍም ግን ያልፈው በተራው ወፍጮ ነው። በእኛ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ቢቀላቀልበት ለሴሊያክ ችግር የለውም፤ ገብስ ቢቀላቀልበት ግን ችግር ነው፤ በመልክ ደግሞ መለየት አይቻልም።

ዓሣ ደግሞ አስደነገጠን። ሐይቅ ዳር ተቀምጣ የዓሣ ጥብስ በላች፤ ዓሣ ምን ግሉተን አለው? ከመጠበሱ በፊት ግን ዱቄት ላይ ይንከባለላል። ያለ ዱቄት ይጠበስልኝ ብትል እንኳ ዘይቱ ያው ነው። አሁን ጠዋት ከአሳ አጥማጆች ጥሬ ቆሮሶ ገዝታ ቤቷ ትጠብሳለች።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ ወስጄ ለሌሎች ሦስት ቤተሰቦች የተጠቀምኩበትን እጽፋለሁ።

ምርመራው ሳያልቅ ዳቦ አይቁም። ሰው ተሻለኝ ብሎ ቀድሞ ካቆመ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። ለዓመታት የማይለቅ የደም ማነስ፣ ተቅማጥና የአፍ ቁስል አብረው ካሉ፣ ጃርዲያው ሦስተኛ ጊዜ ከመታከሙ በፊት ሴሊያክን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታማሚው አልበላሁም ካለ መጀመሪያ ይታመን። ደብተር ከክርክር ይሻላል። ደብተሩ ላይ የበሉትን ብቻ ሳይሆን ዱቄቱ ከከረጢቱ ላይኛው ነው ወይስ ታችኛው የሚለውም ይግባ።

ፍለጋው ከእህሉ ወደ መሶቡ በቅደም ተከተል ይሂድ፦ ለቀማ፣ ወፍጮ፣ ወንፊት፣ እርሾ፣ ምጣድ፣ ማሰሻ። ገንዘብ ካነሰ መጀመሪያ ወፍጮው ይስተካከል፤ በእኛ ቤት ትልቁ ምንጭ እሱ ነበርና። ማሰሻና ወንፊት መቀየር ብዙ አያስወጣም። ቀይ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው መዳፉን ከእጅጌው ሥር ዘርግቶ ማየት ይችላል፤ በነጭ ጤፍ ግን ዓይን አይረዳም።

ከባለወፍጮ፣ ከእንጀራ ጋጋሪ፣ ከማኅበር ጋር የሚነጋገረው የቤቱ ሽማግሌ ወይም እናት ቢሆን ይመረጣል። እኔ በሳይንስ ቃል ያበላሸሁትን እሳቸው በወፍጮ ቤት ቃል አቃኑት።

አሁን

ነሐሴ 2015 ምርመራው ተደገመ። ፀረ እንግዳ አካሉ ከጤናማው ጣሪያ ትንሽ ብቻ ይበልጣል። ሄሞግሎቢኗ 12.6፣ ክብደቷ 52 ኪሎ። አንጀት በአንድ ሌሊት አያገግምም፤ ሐኪሙ በዓመቱ እንደገና ያያታል። የልጅቷ ምርመራ ለጊዜው ደህና ነው፤ ወደፊት ይደገማል። የሴሊያክ ታማሚ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ከሆኑ ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል ሕመሙ ሊኖርበት ስለሚችል ነው።

ታናሽ ወንድሟ ግን እስካሁን አልተመረመረም። እሱም የደም ማነስ አለበት፣ እሱም ከሲታ ነው፣ «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ እናቷ ከንጹሑ ዱቄት ለእሱም በትንሽ ከረጢት ለይተው አስቀምጠዋል። «ሳይመረመርም ቢሆን ይህን ይብላ ብዬ ነው» አሉኝ። እንዳይሰጡት ነገርኳቸው። እስኪመረመር ድረስ ዳቦውን መብላት አለበት። ትንሽ አሰቡና ከረጢቱን ወደ ትልቁ መልሰው ገለበጡት። «እንግዲያው ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ፤ ስልኬንም ተቀብለው ደወሉለት።